ጆሮ የሚያየው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን የምናይበት መንገድ ስለመለወጡ ሲነሳ ቁጭቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ድሮ ሰፈሩ በአንድ ሳሎን ተሰብስቦ ያይ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ያን ስብሰባ ምን አስቻለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ ከመታየቱ ይልቅ መደመጡ የሚበልጥ ጣቢያ ነበር።

ለዚህ ከተስፋዬ ሣህሉ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ከቴአትር መድረክ የመጡት አባባ ተስፋዬ የልጆችን ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ ሲመሩ ትልቁ መሣሪያቸው ጉሮሯቸው ነበር። በተረታቸው ጅቡ ከጦጣዋ የሚለየው በድምፅ ነው፤ አደጋው መቅረቡ የሚታወቀው ቃሉ ሲረዝምና አፍታ ዝም ሲሉ ነው። ከዚያ ፊታቸው ይከተላል። ስለዚህ ምንጣፉ ላይ ከፊት የተቀመጠውም፣ የሌላው ጭንቅላት ጋርዶት በር ላይ የቆመውም ልጅ ተረቱን እኩል ይዞ ይወጣል። ትንሿ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ለዚያ ሁሉ ሰው የበቃችው በዚህ ነው።

በ1977 ቀለም መጣ። ኋላም ዲሽ ሲስፋፋ ኤምቢሲ 2 የእንግሊዝኛ ፊልም ከዓረብኛ ጽሑፍ ጋር ይዞ ገባ። ሁለቱንም ቋንቋ የማያውቅ ተመልካች ዓይኑን ብቻ ይዞ ቀረ።

በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚያቀርበው ቃና ሲጀምር የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙት፤ ክርክሩም በብዛት ስለ ባህል ወረራ ሆነ። የመርካቶ ሸማ ተራ ሌላ ነገር ያሳያል። ሻጯ የነጠላውን ጥለት እየዘረጋች፣ ጋቢ እያጠፈች፣ ዋጋ እየተከራከረች ዓይኗን ከጨርቁ ማንሳት አትችልም። ከግርጌ በጽሑፍ የሚተረጎም የቱርክ ድራማ ለእርሷ እንደሌለ ይቆጠራል። በአማርኛ ሲነገር ግን ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታም ማን ማንን እንደከዳ ታውቃለች። ቃና ለሥራ ሰው ጆሮ ድርሻውን መልሶለታል፤ ተቺዎቹ ይህን ሳይመዝኑ ፈረዱ።

መወቀስ ያለበት ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ ድራማዎች ገበሬውም፣ ፖሊሱም፣ አያቲቱም የአዲስ አበባ ወጣት አማርኛ ይናገራሉ። አንዱም የጎጃሜ፣ አንዱም የወሎዬ ለዛ የለውም። ሸማ ተራን ከዳር እስከ ዳር ያለፈ ሰው የጉራጌውን፣ የዶርዜውን፣ የመንዜውን አነጋገር ሳይሰማ አይወጣም፤ ድምፅ የሚቀዳበት ስቱዲዮ ግን ይህን ሁሉ አንድ ወዝ አልባ ቋንቋ አድርጎታል። ከንፈርና ቃል አለመግጠሙ ይቅር ይባላል። ሁሉንም በአንድ አነጋገር ማናገር ግን ስንፍና ነው፤ በጆሮ ለሚኖር ጥበብም ከስንፍና የከፋ ጥፋት ነው።

ስልኩም ቢሆን እንደሚባለው የዓይን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የውጭ ፊልምን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ የሚተርክበት «ትርጉም ፊልም» በዩቲዩብ ብዙ አድማጭ አለው። የፊልም ሐያስያን ይንቁታል። ተራኪው ግን ትንፋሹን ያውቃል፤ ክፉውን ሰው ሲያስገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጀግናውን ያቆላምጣል፣ ተመልካቹ ሊጠይቅ ያሰበውን ቀድሞ ይመልሳል። በዚህ አገር ስክሪን ላይ ዛሬ ከሚሠሩት የትረካ ሥራዎች ሁሉ ሕይወት ያለው ይኸኛው ነው፤ እስካሁን አንድ ቁም ነገር ያለው ጥናት ሊደረግበት ይገባ ነበር።