ትዝታ በመድረክና በሸክላ

ትዝታ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው፥ ያለፈው ነገር በሰው ልቡና ውስጥ ሲመለስ የሚያሳድረው ስሜት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። አምስት ድምፆችን ለያዘ ቅኝት የስሜትን ስም መስጠት በከንቱ የተደረገ አይመስለኝም። ዜማና ትውስታ አንድ ቤት የሚያድሩ መሆናቸውን የቀደሙት ሰዎች ስላስተዋሉ ለሁለቱም አንድ ስም በቃቸው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ዘፈን ያለፈውን ዘመን የሚመልስልን በምን ኀይል ነው? ይህስ ኀይል ዛሬ በየአዳራሹ ቀርቦ በምንሰማው ሙዚቃ ውስጥ ይገኛልን?

ብዙ ሰዎች ኀይሉ ያለው በግጥሙ ኀዘን ነው ይላሉ። ዳሩ ግን የትዝታ ዘፈን አንድ የታወቀ ግጥም የለውም። ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራራቸው፥ ማሕሙድ አሕመድ በዘመናዊ ባንድ ታጅቦ፥ በዛወርቅ አስፋውም በራሷ አዘፋፈን ትዝታን ተጫውተዋል። ግጥሙ እንደ ዘፋኙ ይለያያል፤ ዜማውም እንደ ጉሮሮው ይረዝማል ወይም ያጥራል። ከሁሉም ዘንድ የማይጠፋው ነገር በስንኝና በስንኝ መካከል ያለው ፋታ ነው። ዘፋኙ ዝም ይልና ክራሩ ወይም መሰንቆው ብቻውን ይናገራል። በዚያ ፋታ ውስጥ ሰሚው የራሱን ሰው፥ የራሱን መንደር፥ የራሱን መለያየት ያስገባል። ዘፋኙ የናፈቀውን ሰው በስሙ ጠርቶ ቢነግረን ኖሮ ታሪኩ የእርሱ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ስሙን ስለሚተወው ግን የእኛ ይሆናል።

ይህን ቦታ ለሰሚው መስጠት የአዝማሪዎቻችን የቆየ ሥርዐት ነው። አዝማሪ በተቀመጠበት ቤት አድማጭ ሆኖ ዝም ማለት ብቻ አይበቃም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም የተሰጠውን በዜማ ተቀብሎ፥ በመሰንቆው አጅቦ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። መሰንቆው ያለው አንድ የጭራ አውታር ብቻ ሲሆን በዚያች አንዲት አውታር ላይ የስንቱ ሰው ነገር ይጫናል። ስንኙን የሰጠው ሰው የልቡን ነገር በሌላ ሰው አንደበት ሲሰማው፥ ነገሩ የእርሱም የሌሎቹም ይሆናል። በእኔ አስተያየት የሕያው ሙዚቃ ልዩ ጠባይ ይህ ነው፤ ይኸውም ሙዚቀኛው ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ አውቆ መጫወቱ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን ጡረታ ሲወጡ በተደረገው የሽኝት ግብዣ ላይ ሁለት ሙዚቀኞች ተጋብዘው ነበር። መጀመሪያ የቀረበው ወጣት ክራሩን እየቃኘ ወደ ተሰናባቹ ዞረና «ጋሼ፥ በመጀመሪያ የተመደቡት የት ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ጎባ ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው» ብለው መለሱ። ወጣቱ ጎባንና ብርዱን በስንኙ ውስጥ አስገብቶ፥ ካፖርት ሳይዝ ለሥራ የሄደ የአንድ ጎልማሳ ታሪክ አድርጎ በትዝታ ዜማ አወረደው። በሽኝት ንግግራቸው ጊዜ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ ያልተናገሩት ሰው፥ ዘፈኑ ሲያልቅ ተነሥተው ጎባ ሳሉ እንጀራ ጋግረው ያበሏቸው ስለ ነበሩት ባልቴት፥ አብረዋቸው ስላገለገሉና ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ሰዎች አወጉን። ለዓመታት አብረናቸው ስንሠራ ያልሰማነውን የሕይወታቸውን ክፍል በዚያች ማታ ሰማን።

ቀጥሎ የመጣው ዘፋኝ ድምፁ ያማረ ነበር። አጃቢው ሙዚቃ አስቀድሞ ተቀርጾ በመሣሪያ የሚለቀቅ ስለ ነበር፥ ዘፈኑ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ የተወሰነ ነው። የታወቁ የቀድሞ ዘፈኖችን በሸክላ እንደምናውቃቸው፥ እስከ ትንፋሻቸው ድረስ አስመስሎ አዜማቸው። የድምፅ ማጉያው ጩኸት ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሰዎች እንዳይነጋገሩ አደረጋቸው። ታዳሚው ተንቀሳቃሽ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጽ ጀመር፤ ተሰናባቹም በትሕትና አጨበጨቡ። በዘፋኙ ድምፅ ላይ ነቀፌታ የለኝም። ነቀፌታዬ በአቀራረቡ ላይ ነው፤ እኛ በአዳራሹ ባንኖርም ዘፈኑ አንዲት ነጥብ አይለወጥም ነበርና።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ሰው የሚናፍቀው ሸክላውን ራሱን ነው፤ በወጣትነቱ የሰማውን እንዳለ ካልሰማው ደስ አይለውም» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። በአፍላ ዕድሜ የተሰማ ዘፈን ከሌላው ይልቅ በአእምሮ ጸንቶ እንደሚኖር የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችም ደርሰውበታል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ባረፈ ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርሁ። በዚያ ሰሞን ከሬድዮ የሚወጣው ድምፅ ያው አንድ ድምፅ ሲሆን፥ በእኛ ግቢ ግን እናቴ የሠርጓን ሰሞን፥ ጎረቤታችን ወታደር ቤት ያሳለፈውን ጊዜ፥ አጎቴም የትዳሩን መፍረስ አስታወሱ። ስለዚህ የተቀረጸ ድምፅ ትዝታን ጠብቆ የማቆየት ትልቅ ኀይል አለው፤ ይህን አልክድም።

ነገር ግን እነዚያ የምንወዳቸው ሸክላዎች እንዴት እንደ ተሠሩ ማሰብ ይገባል። ዐምሃ እሸቴ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራ በጀመረበት ዘመን፥ ዘፋኙና ባንዱ ባንድነት ሆነው፥ አንዱ የሌላውን ዐይንና ትንፋሽ እየተከተለ በአንድ ጊዜ ተጫውተው ይቀረጹ ነበር። ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ለዓለም የተዳረሱት ዘፈኖች ብዙዎቹ በዚህ ዐይነት የተገኙ ናቸው። እንግዲህ ሸክላው የአንድ ቀን ሕያው ጨዋታ መዝገብ ነው። ያንን መዝገብ ነጥብ በነጥብ የሚገለብጥ ዘፋኝ ፍሬውን ለቅሞ ዛፉን ይተዋል። የሸክላው ተግባር ያለፈውን ቀን ማቆየት ሲሆን፥ የመድረኩ ተግባር ለነገ ትዝታ የሚሆን ሌላ ቀን መፍጠር ነው።

ወደዚህ የደረስነው በአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቆየው የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን ጨዋታ አዳከመው፤ የካሴት መስፋፋት ዘፈኑን ወደየቤቱ አስገባው፤ በኋላም አንድ ሰው በኪቦርድ የብዙ ሰዎችን ሥራ መሥራት ሲችል፥ መለከትና ሳክስፎን ነፊዎችን የያዘ ሙሉ ባንድ መቅጠር ለደጋሹ ውድ ሆነበት። ወጪን መቀነስ ነውር አይደለም። ሆኖም አንድ ክራር ወይም አንድ መሰንቆ ከብዙ ማጉያዎች ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ የገንዘብ እጥረት ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርና መሰንቆ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። የሚጎድለው የሚጠራቸው ሰው ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ግብዣ የሚያዘጋጁ ሹማምንት፥ በየትምህርት ቤቱም በዓል የሚያሰናዱ መምህራን ከሚያወጡት ዋጋ ከፍለው፥ ሙዚቀኛው ታዳሚውን የሚያይበትና የሚጠይቅበት አንድ ሰዓት ቢሰጡ መልካም ነው። ዘፋኞችም የቀደሙትን ጌቶች ለማክበር ከፈለጉ፥ ከድምፃቸው ይልቅ ፋታ አሰጣጣቸውን ይማሩ። ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተ ደግሞ ስልካችሁን በኪሳችሁ አድርጋችሁ ስንኝ ስጡ፤ ቢሰበርባችሁም አዝማሪው ያቃናዋል። ዛሬ አብረነው ያልዘፈንነውን ዘፈን ነገ ልናስታውሰው አንችልምና።