የመተኪያ ሶፍትዌር ሠንጠረዥ ሲመዘን፦ በትምህርት ተቋማት ስለሚደረግ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለውጥ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዓተ ክወና ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የጥገናና የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ የሚገኙት ዕድሜ ጠገብ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ መስፈርቱን አያሟሉም። ከዚህም የተነሣ ኮምፒዩተሮቹን ከመጣል ይልቅ ሊኑክስን መሠረት ወዳደረጉ፣ እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ወዳሉ ነጻ ሥርዓቶች ማዛወር ይሻላል የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነው። ሒሱ የሚያተኩረው ሐሳቡ በሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው።

ሐሳቡን የሚያቀርበው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው። በግራው ዓምድ የቀድሞው ፕሮግራም ስም፣ በቀኙ የመተኪያው ስም ይሰፍራል፤ ለወርድ ሊብሬኦፊስ ራይተር፣ ለኤክሴል ካልክ፣ ለፓወርፖይንት ኢምፕረስ፣ ለፎቶሾፕ ጊምፕ፣ ለኮረልድሮው ኢንክስኬፕ፣ ለኤስፒኤስኤስ ፒኤስፒፒ፣ ለአክሰስ ቤዝ እየተባለ ይቀጥላል። ሠንጠረዡ ሐሰት አይደለም። የተጠቀሱት ፕሮግራሞች ሁሉ አሉ፤ ያለ ክፍያም ይገኛሉ። ስሕተቱ ግን ፕሮግራምን ከፕሮግራም ጋር ማነጻጸሩ ላይ ነው። መምህሩ የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ ሳይሆን በፕሮግራሙ ሲጽፍ የኖረው ሞጁል፣ የፈተና ወረቀትና የውጤት ሮስተር ነው። ሠንጠረዡ ስለነዚህ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

ይህ ጉድለት በራሳችን ኮሌጅ እንዴት እንደተገለጠ መተረኩ ይጠቅማል። በሥርዓተ ትምህርት ክፍላችን የሚገኙ ጥቂት ኮምፒዩተሮች ለሙከራ ወደ ኡቡንቱ ከተዛወሩ በኋላ፣ የመጀመሪያው ሥራችን ለክረምት ሠልጣኞች የሚሰጠውን የአማርኛ ማስተማሪያ ዘዴ ሞጁል አሻሽሎ ማሳተም ነበር። ሞጁሉ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጻፈና ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየታረመ የመጣ ነው። ፋይሉ ሲከፈት የአንቀጹ አደራደርና የሠንጠረዡ መስመር ሁሉ በቦታው ነበር፤ ፊደሉ ግን አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና ልዩ ልዩ ምልክቶች ተደርድረው ታዩ። ጽሑፉን ከመነሻው ታይፕ ያደረጉት የጽሕፈት ሠራተኛችን መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ተመለከቱና፣ «መምህር፣ ይህን እኔ አልጻፍኩም» አሉ። «እርስዎ የጻፉት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ማንበብ አቅቶት ነው» ብላቸው፣ «ታዲያ ማንበብ የማይችል ለምን አመጣችሁልን?» ሲሉ መለሱልኝ። በዕለቱ መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የሚገኘው ወደ ኋላ ሄዶ የአማርኛ ጽሕፈት ወደ ኮምፒዩተር የገባበትን መንገድ በመመርመር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአማርኛ የሚጻፈው በብልሃት ነበር። በዘመኑ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው የምልክት ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ ከፊሉ ለኮምፒዩተሩ የውስጥ ሥራ የተያዘ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉ ቦታው አይበቃም። ስለሆነም አንዳንዶቹ አዘጋጆች ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በገጹ ላይ አገጣጠሟቸው። ሁሉም የየራሳቸውን ተራ ስለተከተሉ የአንዱ «መ» ለሌላው ሌላ ፊደል ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ቁጥር ብቻ ነው፤ ለዓይን የሚታየውን ፊደል የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲታጣ ልብሱ ይወልቃል። እነዚያን አዘጋጆች ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ ዓለም አቀፍ መለያ ባልነበረበት ጊዜ ፊደላችንን ከኮምፒዩተር ያስተዋወቁት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ችግሩን ሊኑክስ አላመጣውም። ያው ፋይል ፎንቱ በሌለው በማንኛውም የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ቢከፈት ያንኑ ዝብርቅርቅ ያሳያል። ልዩነቱ፣ በቀድሞው አሠራር ፎንቱ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በፍላሽ እየተቀዳ ይከተለን ስለነበር ጉድለቱ ሳይታወቀን መኖሩ ነው። አንድ ምልክት ግን ሁልጊዜ በፊታችን ነበር። በዚህ ዓይነት የተጻፈ የተማሪዎች ስም ዝርዝር በፊደል ተራ እንዲሰለፍ ሲታዘዝ፣ በሀ ሁ ሂ ፈንታ በተደበቀው የላቲን ቁጥር ተራ ይሰለፍ ነበር። የሬጅስትራር ሠራተኞች ሮስተሩን በእጃቸው መልሰው የሚደረድሩት፣ ኮምፒዩተር አማርኛ አያውቅም እያሉ ነበር። በዩኒኮድ የተጻፈ ስም ግን በካልክም ሆነ በኤክሴል በፊደላችን ተራ ይሰለፋል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ከተለመደው ተቃራኒ ነው። የተለመደው፣ ሥርዓቱን ለውጦ ፋይሎቹን «ቀስ በቀስ» ማስተካከል ነው። ትክክለኛው ግን አሮጌው ኮምፒዩተር፣ አሮጌው ፕሮግራምና አሮጌው ፎንት በሕይወት ሳሉ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ መገልበጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሥራቸውም የእያንዳንዱን ፎንት ተራ ከዩኒኮዱ ጋር በሚያዛምድ ዝርዝር ላይ የተመሠረተ ነው። ፋይሉ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ምልክት ይይዛል፤ በሞጁሎቻችን ውስጥ ከአማርኛው ጋር ተቀላቅሎ የሚገኘውን እንግሊዝኛ ለመለየት ያለው ብቸኛ ምልክት እርሱ ነው። ፋይሉን «ለማቅለል» ሲባል ያለ ፎንት በተራ ጽሑፍ መልክ ያስቀመጠ ሰው ይህን ምልክት አጥፍቷል፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው የትኛው፣ የተደበቀው አማርኛ የትኛው እንደሆነ መገልበጫው ሊያውቅ አይችልም። ፒዲኤፍም ያታልላል። ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ ለዓይን ደኅና ነው፤ አንድ አንቀጽ ተቀድቶ ሲለጠፍ ግን ያው የላቲን ምልክት ይወጣል። «ሁሉንም በፒዲኤፍ አስቀምጠናል» የሚል ክፍል የታተመ ወረቀት አስቀመጠ እንጂ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ አላስቀመጠም።

የተገለበጠው ጽሑፍ በሰው ዓይን መነበብ አለበት። እንደ ቋ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃሎች በሁለተኛው ፎንት የነበሩ ከሆነ በቀላሉ ይጠፋሉ። አራት ነጥቡም በብዙ የቆዩ ጽሑፎች ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደግሞ የተጻፈ ስለሆነ፣ እውነተኛውን «።» የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር ቴክኒሻን ብቻ መተው አይገባም። ጽሑፉን የሚያውቀው መምህሩና የጻፈው የጽሕፈት ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንመለስ። ራይተር ለሞጁልና ለደብዳቤ ሥራ በቂ ነው። የሚያስቸግረው የፎንት ልዩነት ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ናያላ የተባለው ፎንት በኡቡንቱ ስለማይገኝ ሌላ ይተካዋል፤ የፊደላቱ ስፋት እኩል ባለመሆኑም ገጹ ይንሸራተታል። በፈተና ወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥያቄው በአንድ ገጽ ቀርቶ ምርጫዎቹ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። መፍትሔው፣ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ በሁለቱም ሥርዓቶች የሚሠራ ነጻ ፎንት ለተቋሙ ሁሉ አንድ ብሎ መወሰን ነው። የፊደል ገበታውም እንዲሁ ነው። በሊኑክስ በአይባስ በኩል ወይም ኪማን በተባለው ፕሮግራም አማርኛ በድምፅ ይጻፋል፤ «ተ» በትንሹ ቲ፣ «ጠ» በትልቁ ቲ እንደማለት ነው። ለወጣቱ መምህር ይህ የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። ጣታቸው በቀድሞው ገበታ ለሠለጠነ የጽሕፈት ሠራተኞች ግን የሳምንታት ድካም ስለሆነ፣ በፈተና ዝግጅት ወቅት ይህን መጫን ተገቢ አይደለም።

ካልክ የሮስተሩን ድምር፣ አማካይና ደረጃ ያለ እንከን ይሠራል፤ በኤክሴል ማክሮ የተቀነባበሩ ሮስተሮች ግን በሙሉ ስለማይታዘዙለት አስቀድመው መፈተን አለባቸው። ስለ ኢምፕረስና ስለ ጊምፕ ብዙ የሚባል የለም፤ ለእኛ ሥራ ይበቃሉ። ፒኤስፒፒ ግን ከሚነገርለት በላይ ምስጋና ይገባዋል። የኤስፒኤስኤስን ፋይል እንዳለ ይከፍታል፤ የትእዛዝ አጻጻፉም ተቀራራቢ ነው። በኮሌጆቻችን የሚካሄደው ተግባራዊ ምርምር የሚፈልገውን የድግግሞሽ ሠንጠረዥ፣ የቲ ፈተና፣ የልዩነት ትንተና፣ ተዛምዶና የመጠይቅ አስተማማኝነት ስሌት ይሠራል። ገጽታው ሸካራ፣ ሥዕላዊ መግለጫውም ደካማ ነው፤ ነገር ግን ጥናቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይሆን መጠይቁ መሆኑን በአንባቢነት የተመደብን ሁሉ እናውቃለን።

የሠንጠረዡ ደካማ መስመር ለአክሰስ ቤዝ የሚለው ነው። በአክሰስ የተሠራ የተማሪዎች መዝገብ ውሂቡ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል፤ መሙያ ቅጾቹና የሪፖርት ገጾቹ ግን እንደ አዲስ መሠራት አለባቸው። ይህን «ተተካ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የምስክር ወረቀትና የማስታወቂያ ቅጽ ያዘጋጁበት ፐብሊሸር ደግሞ በሠንጠረዡ ከነጭራሹ የለም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ከጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ. በኋላ ድጋፍ እንደማይሰጠው ስላስታወቀ፣ ዊንዶውስን የማይለቁትም ቢሆኑ ሊያስቡበት ይገባል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ደግ አይደለም። በአውሮፓ ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች አንዱ የፈቃድ ክፍያ ማዳን ነው። በእኛ ዘንድ በርካታው ፕሮግራም በግዥ ሳይሆን በፍላሽ ስለተቀባበልነው፣ «ነጻ ነው» የሚለው ቃል መምህሩን አያስደንቀውም። የሚያስደንቀው፣ በዚያው ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ የሴሚስተር ውጤት እንዳያጠፋበት ዋስትና ማግኘቱና አሮጌው ኮምፒዩተር እንደገና መሥራቱ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሲጠቀስ የሙኒክ ስም ይነሣል። የዚህች የጀርመን ከተማ ምክር ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስኖ፣ ሊሙክስ የተባለው ፕሮጀክት ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን አዛውሮ በ2013 ተጠናቀቀ፤ በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ መመለስን ወሰነ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ከቅሬታዎቹ አንዱ ግን ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚለዋወጧቸው ሰነዶች መዛባት ነበር። ለትምህርት ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሕንዷ ኬረላ ናት። በዚያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አይቲ አት ስኩል የተባለው የትምህርት ቤቶች ፕሮጀክት ቆይቶ ሙሉ በሙሉ በነጻ ሶፍትዌር ላይ ተመሥርቷል፤ በ2017 ካይት ወደተባለ የመንግሥት ድርጅት ተለውጦም ሥራውን ቀጥሏል። ኬረላዎች ለትምህርት ቤቶቻቸው የሚስማማ የራሳቸውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ የገዛ ፊደል ያለውን ማላያላም ቋንቋቸውን በውስጡ አስገቡ፤ አሠልጣኞቹንም ከመምህራኑ መካከል መረጡ። ሥልጠናውን የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ይስጥ በሚባልበት በእኛ አካባቢ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊጤን ይገባዋል።

የዕቅድ ባለሙያዎች የለውጥ ሐሳብ ሲቀርብላቸው ሠንጠረዡን ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ፋይሎችን ይዘው ቢቀርቡ መልካም ነው፤ አንድ ቀመር ያለበት የሒሳብ ፈተና፣ አንድ የዓመቱ ሮስተር፣ አንድ በ1990ዎቹ የተጻፈ ሞጁል። ሐሳብ አቅራቢው ሦስቱን በአዲሱ ሥርዓት ከፍቶ፣ አርሞና አሳትሞ ያሳይ። በጀቱም ለመጫኛ ብቻ ሳይሆን ለግልበጣና ለእርማት ሰዓት ይያዝ፤ ይህን ሰዓት ያልያዘ ዕቅድ ወጪውን ለጽሕፈት ሠራተኛው አሸክሞታል።

የእኛ ሞጁል እስከ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ ተገልብጦ ታርሟል። ቀሪዎቹ ሁለት ምዕራፎች ከኔትዎርክ ተነጥሎ በመዝገብ ቤቱ ጥግ በተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ናቸው፤ የጽሕፈት ሠራተኛችንም በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እየተቀመጡ ዲቃሎቹን ይለቅማሉ።