ስለ «ብረት በል» ባክቴሪያ፦ አንድ የትርጉም ሒስ

የሳይንስ ጽሑፍን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው «የጠጣር ቅንጣቶች ተጽዕኖ በብረት በል ባክቴሪያ ዕድገት ላይ» የሚል ርእስ እንከን ያለበት አይመስለውም። ቃላቱ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ሆኖም ሦስቱ አንባቢን ያሳስታሉ እንላለን።

አስቀድመን «ብረት በል»ን እንመልከት። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ ባሉት የግንባታ ቦታዎች፣ ዝናብ የመታው ፌሮ ቀልቶ ይታያል። ይህን ስያሜ ያነበበ ግንበኛ «ፌሮዬን ባክቴሪያ በላው» ቢል አይፈረድበትም። ለዚያ ዝገት ግን አየርና እርጥበት ይበቃሉ። በ1947 እ.ኤ.አ. ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በሚወጣ አሲዳማ ውሃ ውስጥ መኖሩ የተገለጸው፣ ዛሬ አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ በውሃ ከሟሟ ብረት ኤሌክትሮን ወስዶ ኃይል ያገኛል፤ ሰውነቱን የሚገነባው ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚያገኘው ካርቦን ነው። ብረቱ ማገዶው ነው ማለት ይቻላል። «ብረት አዛጊ» ቢባልም አንባቢው ያንኑ ፌሮ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ቢረዝምም «ብረት ኦክሳይድ አድራጊ» የሚለውን እንመርጣለን።

«ዕድገት»ን በአጭሩ እንለፈው፤ እዚህ ላይ የሚለካው በአብዛኛው የቁጥር መብዛት ስለሆነ «መራባት» ይሻላል።

የሚከብደው «ተጽዕኖ» ነው። ቃሉ «ጫነ» የሚል ፍች ካለው ከግዕዙ «ጸዐነ» የወጣ በመሆኑ ጫናን ያሳስባል፤ ጽሑፉ ሳይነበብ በቅንጣቶቹ ላይ ይፈረድባቸዋል። ነገሩ ግን ሁለት ገጽ አለው። የተፈጨ ፓይራይት ባክቴሪያው የሚጣበቅበት ገጽ ይሆነዋል፤ ሲሟሟም ብረት ይሰጠዋል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድብልቁ ውስጥ እንደ ልብ አይዳረሱም፤ በማማሰያው የሚፋጩት ቅንጣቶችም ሕዋሱን ይጎዱታል። በባክቴሪያ ማዕድን የሚያወጡ ፋብሪካዎች በገንዳቸው ውስጥ ያለውን ጠጣር አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 20 ገደማ የማያሳልፉት ለዚህ ነው።

«ቅንጣት» ራሱ ደኅና ቃል ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን አይበቃም። ክረምት ወደ ለገዳዲ ግድብ የሚያወርደው ደለልና ተፈጭቶ ገንዳ የገባው ፓይራይት ሁለቱም ጠጣር ቅንጣቶች ናቸው፤ ለዚህ ባክቴሪያ ማገዶ የሚሆነው ግን ሁለተኛው ነው። ዋናው ጽሑፍ የማዕድኑን ዓይነት ከገለጸ ተርጓሚው ሊጥለው አይገባም።

እኛ ርእሱን እንዲህ እናነበዋለን፦ «የተፈጨ ማዕድን ቅንጣቶች በብረት ኦክሳይድ አድራጊ ባክቴሪያ መራባት ላይ የሚያመጡት ለውጥ»።