«ሽፋን»፣ «መለዋወጫ» እና የቮልስዋገን ሞተር ሙቀት

የአሮጌ ቮልስዋገን ጥገናን የሚመለከት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለስያሜ ምርመራ ቀርቦልን ተመልክተነዋል። ረቂቁ በአመዛኙ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አይንዛዛም፤ የመፍቻና የብሎን ነገር ሲነሣም ተርጓሚው የሙያውን ቋንቋ እንደሚያውቁ ያስታውቃል። ችግሩ ያለው ከጢስ ማውጫው የሚወጣውን ሙቀት ከሞተሩ ክፍል ስለማራቅ በሚናገረው ምዕራፍ ላይ ነው። በዚያ የተመረጡት ቃላት አንባቢውን ወደ ተቃራኒ ተግባር ሊመሩት ይችላሉ ብለን እንሰጋለን። ስለሆነም አስተያየታችንን በዚህ ምዕራፍ ወስነነዋል።

ቃል ከዕቃው አሠራር ተነጥሎ ሊመዘን አይችልምና አስቀድሞ ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። በሀገራችን «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራው መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ውሃ ሳይሆን አየር ነው። ማራገቢያው ከላይ ቀዝቃዛ አየር ስቦ በሲሊንደሮቹ ላይ ወደ ታች ይገፋዋል፤ የጋለው አየር በሥር ይወጣል። የጢስ ማውጫ ቱቦዎቹና ማርሚታውም ያሉት በዚያው በሥር ነው። በሞተሩ ዙሪያ የተገጠመው ላሜራና በጠርዙ የሚዞረው ጎማ የላዩን ቀዝቃዛ ስፍራ ከሥሩ ሙቅ ስፍራ ይለያሉ። ላሜራው ከጎደለ ወይም ጎማው ከተበጣጠሰ ማራገቢያው በማርሚታው አጠገብ የጋለውን አየር መልሶ ይስበዋል። ሞተሩ በርትቶ በሚሠራበት ጊዜ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጢስ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችል ስናስብ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው የሚያቀርበው አየር ክብደትም በዚያው ልክ ያንሳል።

ረቂቁ ይህን ላሜራ «የሙቀት ሽፋን» ይለዋል። «ሸፈነ» ከሙቀት ጋር ሲነገር በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የሚያስከትለው ሐሳብ ሙቀቱ እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ብርድ የያዘው ሰው በጋቢ ይሸፈናል፤ ምጣዱም በአክንባሎ የሚሸፈነው ግለቱን እንዲይዝ ነው። እንግዲህ ሞተሩ የጋለበት ባለ መኪና «የሙቀት ሽፋን» የሚለውን አንብቦ ሽፋኑን አውልቆ ሞተሩን ማናፈስ ብልህነት ቢመስለው ጥፋቱ የእርሱ ነውን? በዚህ ላይ በአንድ ገጽ ውስጥ «ሽፋን» ለአራት ነገር ውሏል፦ ለላሜራው፣ ለኋላው ኮፈን፣ በቱቦ ላይ ለሚጠመጠመው ጨርቅና በብረት ላይ ለሚቀባው ሴራሚክ። የመጨረሻውን «ልባስ» ማለት ይቻላል፤ ኮፈኑ ኮፈን ነው።

ተርጓሚው በኅዳግ ማስታወሻቸው ሁለት አማራጭ አስፍረዋል። «የሙቀት ጋሻ» የባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ግልባጭ ነው። ጋሻ ተዋጊ በእጁ ይዞ ወደ መጣበት የሚያዞረው እንጂ በአንድ ቦታ ተተክሎ ሁለት ስፍራ የሚለይ ዕቃ አይደለም። ሁለተኛው «ጋራጅ» ነው። ከ«ጋረደ» የሚወጣው የአድራጊ ስም፣ ከ«ወሰደ» «ወሳጅ» እንደሚለው ሁሉ፣ በሕጉ መሠረት «ጋራጅ» መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን መካኒኩን «ጋራጁን ፍታ» ብንለው የሥራ ቦታውን በር እንዲከፍት የታዘዘ ነው የሚመስለው።

እኛ «ከለላ» የሚለውን እንመርጣለን። ከለላ ፀሐይን ወይም ነፋስን ከልክሎ በስተኋላው ያለውን ያድናል፤ ሙቀት የመያዝ ሐሳብ የለበትም። ከዚህም በላይ «ክልል» ከዚያው ሥር የወጣ ስለሆነ «ከለላው የላዩን ክልል ከሥሩ ክልል ይለያል» ቢባል አሠራሩ በቃሉ ውስጥ ይነበባል። መካኒኮች «ላሜራ» ማለታቸውን ቢቀጥሉ የሚከለክላቸው የለም፤ ላሜራ ግን የዕቃው ሥሪት ስም እንጂ የተግባሩ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን «ሙቀት መለዋወጫ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል ጀምሮ በቮልስ የጢስ ማውጫ ቱቦዎች ላይ ሣጥኖች ተደርገዋል፤ ንጹሕ አየር በውስጣቸው አልፎ ይሞቅና ወደ ተሳፋሪው ይሄዳል። «መለዋወጫ» በገበያው ቋንቋ በአሮጌው ፈንታ የሚገባ ዕቃ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ይህን አንባቢው ከዐውዱ ይለየው ይሆናል። አደጋው «መለዋወጥ» ጢሱና አየሩ ቦታ የሚቀያየሩ ማስመሰሉ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ ሊገናኙ አይገባም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቱቦ በዝገት ከተበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የሌለው መርዝ፣ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ስለዚህ «ሙቀት አቀባይ» ቢባል እንወዳለን። ግንበኛው ከመሰላል ሳይወርድ ድንጋይ የሚያቀብለው ሠራተኛ አቀባይ ነው፤ ድንጋዩ ይሻገራል፣ ሰዎቹ ግን በየቦታቸው ይቆያሉ።

የምዕራፉ ርእስ «ሙቀትን መከላከል» መባሉም አይስማማንም። ይኸው ሞተር ከጢሱ ጥቂቱን በቀጭን ቱቦ ወስዶ ከካርቡራተሩ በታች ያለውን መግቢያ ያሞቃል፤ ይህ ባይሆን በብርድ ጊዜ በረዶ ይጋገርበታል። ሙቀት እዚህ ይፈለጋል፣ እዚያ ይሸሻል፤ «የሙቀት አያያዝ» ሁለቱንም ይይዛል።

«ማርሚታ»ን አውጥቶ «ድምፅ አፋኝ»ን ማስገባት ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም። ጣሊያኖች የድስታቸውን ስም ለዚህ ዕቃ አውሰዋል፤ የእኛ ሰው ከእነርሱ ተቀብሎ አማርኛ አድርጎታል።

በቱቦው ላይ ለሚጠመጠመው ጨርቅ «መቀነት» ወይስ «ጥምጥም» በሚለው ላይ እኛም ገና አልተስማማንም። መቀነት የሚታጠቀው በወገብ ላይ ብቻ በመሆኑ ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር ለሚከተለው «ጥምጥም» የሚቀርብ ይመስለናል። የትኛውም ቢመረጥ ግን ተርጓሚው በፍቺው ውስጥ አንድ ነገር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ ጨርቁ ሙቀቱን በቱቦው ውስጥ ስለሚያስቀረው ብረቱ ራሱ ይበልጥ ይግላል፤ እርጥበትም ስለሚይዝ ተራውን ብረት ያዝገዋል። «ሽፋን» የሚለው ቃል ያለ ስሕተት የሚስማማው ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነበር።