መስመር ከመሠረት ይቀድማል

ደንበኞቼ የሚደውሉልኝ ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮው ተመትቶ ካለቀ በኋላ ነው። «ቤቱ አልቋል፤ የቀረን መብራት ማስገባት ብቻ ነው» ይሉኛል። ከተማ ሠርተው፣ ቆጥበው፣ ለእናት ለአባታቸው አገር ቤት ያቆሙት ቤት ነውና ደስታቸው በስልክ ይሰማል። እኔ ግን ስለ ቤቱ ከመጠየቄ በፊት «ትራንስፎርመሩ ከእናንተ ምን ያህል ይርቃል?» እላለሁ። መልሱን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሙያዬ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ነው። የተማርኩት ተግባረ ዕድ፣ የምሠራውም እዚያው አቅራቢያ ልደታ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ቤት የሚሠሩት ጉራጌ ዞን፣ ሌሎቹ ሰሜን ሸዋ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ የገጠር ቤት ገና ያልደረሰውን አገልግሎት ለመቀበል ተዘጋጅቶ መሠራት አለበት፤ አገልግሎቱ እስኪደርስም ያለ እርሱ ለኑሮ የሚመች መሆን አለበት። ሁለቱም የሚወሰኑት መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው።

በከተማ መስመሩ ደጃፍ ላይ ስላለ ስለ ርቀት አናስብም። በገጠር ከሁሉ የሚቀድመው ርቀት ነው። በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት የመጣው ኃይል ትራንስፎርመሩ ላይ ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሜትር ሽቦ የድርሻውን ይበላል። ቆጣሪው መንገድ ዳር ተተክሎ ቤቱ 200 ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባና ባለቤቱ ለመቆጠብ ብሎ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ፣ 3,500 ዋት የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ ሲበራ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 194 ቮልት ገደማ ነው። የምጣዱ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ በባሰ መጠን ይወድቃል፤ ወደ 2,700 ዋት ይወርዳል። ምጣዱ በደንብ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ እናት ምጣዱ የተበላሸ ይመስላቸዋል። በዚያው ርቀት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ምጣዱ 213 ቮልት ያገኝ ነበር። የወፍራሙ ሽቦ ዋጋ ከባድ ነው፤ ቤቱን 80 ሜትር ወደ መንገዱ አቅርቦ መሥራት ግን መሠረት ካልተቆፈረ ምንም አያስወጣም።

ስለዚህ ቦታው ሲመረጥ አብሬ ብሄድ እወዳለሁ። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን አያለሁ፤ አቅሙ ላዩ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። 25 ኪሎ ቮልት አምፔር ከሆነ 7 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲበራ አቅሙ አለቀ ማለት ነው። በአዘቦት ቀን ይህ አይታወቅም። በመስቀል ሰሞን ግን ይታወቃል፤ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ከአዲስ አበባ፣ ከአዋሳ፣ ከጅማ ቤቱ ይገባል፣ በየቤቱ ምጣዱ ሁሉ ይበራል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። ለእንዲህ ያለ መንደር የቤቱን ዝርጋታ ስሠራ ምጣዱን ከሌላው መስመር ለይቼ በራሱ ብሬከር አስገባዋለሁ። የአገር ቤቱን ምድጃም በፍጹም አታፍርሱ እላለሁ።

መስቀል የሥራውን የቀን መቁጠሪያም ይወስናል። «ለመስቀል ይድረስልኝ» የማይለኝ ደንበኛ የለም። በዓሉ መስከረም 17 ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ደግሞ ክረምት ናቸው። በሐምሌ ምሰሶ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል። 8 ሜትር ምሰሶ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱ ውኃ ከሞላ ደግሞ ምሰሶው ቢቆምም መሬቱ አይጨብጠውም፣ በመጀመሪያው ነፋስ ያዘነብላል። ስለዚህ ከውጭ ያለው ሥራ፣ ማለትም ምሰሶው፣ የኬብል ቦዩና የመሬት ዘንጉ ከግንቦት በፊት ማለቅ አለበት። ለክረምት የሚተርፈው የውስጥ ሥራ ብቻ ነው። የመብራት ማመልከቻው ከዚህም ይቀድማል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ መታወቂያ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ተይዞ በአቅራቢያው ወዳለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ይኬዳል፤ ባለሙያ መጥቶ ርቀቱን ይለካል፣ የዕቃው ግምት ይወጣል። ደብተሩ በአባት ስም ሆኖ ማመልከቻው በልጅ ስም ከገባ ነገሩ ይጓተታል። ቆጣሪው ደብተሩ ላይ ባለው ስም እንዲሆን ሁልጊዜ እመክራለሁ።

መስመሩ በየት በኩል ይለፍ የሚለው የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በጉራጌ ጀፎረ አለ፤ ግራና ቀኝ ቤቶቹ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የመንደር አደባባይ ነው። ለቅሶም፣ ሠርግም፣ ዳኝነትም የሚውለው እዚያ ነው፣ ሽማግሌዎች ከድንበር ገፊ ሲጠብቁት የኖሩት የጋራ ንብረት ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጀፎረ ስጦታ ነው፤ ቤቶቹ በሰልፍ ስለቆሙ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሁሉንም ያዳርሳል። ሆኖም ምሰሶው ከአጥሩ ጥግ ይተከላል እንጂ ወደ ሣሩ አይገባም። ከመትከሌ በፊት ሽማግሌዎቹን ቦታው ላይ አቁሜ ችካሉን ከእነርሱ ጋር እመታለሁ። ሽማግሌ ያየውን ችካል ማንም አይነቅለውም።

አዲሱ ቤት የቱንም ያህል ቢያምር እናትየው ብዙውን ጊዜ ጎጆውን አይለቁም። አንድ ደንበኛዬ ለእናቱ ባለ አራት ክፍል ቤት ሠርቶላቸው፣ እኔ «እማማ፣ መኝታዎን ወደዚህ እናምጣው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እንግዳ ይተኛበት፤ እኔ ከምድጃዬ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ኑሯቸው ጎጆው ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎጆው በእቅዱ ውስጥ ካልገባ ሥራውን አልጀምርም። የሣር ክዳን ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሽቦው በሙሉ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ሣሩን ሳይነካ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፣ መገጣጠሚያው የሚሆነው ስካቶላ በሚባለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፣ ማብሪያው ከምድጃው ጭስና እንፋሎት ይርቃል። አምፖሉ ኤልኢዲ ይሆናል፤ እንደ ድሮው አምፖል አይግልምና። ሽቦን ራቁቱን በጭቃ መምረግ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አይጥም ሽቦውን ያገኘዋል።

የማይታየው ሥራ የመሬት መስመሩ ነው። ደንበኛ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ እንድተወው የሚጠይቀኝም እርሱን ነው። እኔ ደግሞ እርሱን ከመተው ሥራውን መተው እመርጣለሁ። መሬት የገባው ዘንግ ኃይልን የሚያሳልፈው አፈሩ እርጥብ ሲሆን ነው። መረሬ አፈር በክረምት ጥሩ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይለያል። ስለዚህ ዘንጉ ከላይኛው ደረቅ አፈር አልፎ እርጥበቱ ወደማይጠፋበት ጥልቀት ይወርዳል፤ አንዱ ካልበቃ ሁለተኛ ዘንግ ራቅ ብሎ ይተከልና ይያያዛሉ። ቦታው የሻወር ውኃ የሚፈስበት አጠገብ ቢሆን መልካም ነው። ከመሬት መስመሩ ጋር 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጠው፣ አርሲዲ የምንለው መከላከያ ይገባል። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የተላጠ ሽቦ ቢነካ ሕይወቱን የሚያተርፈው ይህ ነው። በደጋው ደግሞ የክረምት መብረቅ አለ፤ ከፍ ብሎ የቆመ አንቴና ወይም የሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ) ብረት ማማ ሁሉ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት።

ውኃ የቧንቧ ሠራተኛው ድርሻ ቢሆንም ቦዩን አብረን እንቆፍራለን፤ ለዚህ ነው ቀድመን መነጋገር ያለብን። ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቦይ ተነባብረው አይሄዱም። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ነው፤ ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል፣ ለሻወር ይደክማል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን ሮቶውን ከቤቱ በላይ ካለው ከፍታ ላይ ማኖር ይቻላል፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ያለ ፓምፕ ይሰጣል። ጣራውንም አትርሱ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውኃ ነው። በጉራጌ ደጋ የአንድ ቀን ዝናብ ይህን ያህል መሆኑ ብርቅ አይደለም። አሸንዳ አስገጥሞ ሮቶ ያቆመ ሰው ከቦኖ ወረፋ ወራት ሙሉ ያርፋል፤ መብራት ቢጠፋም ውኃው አይቆምም።

ዛሬ ከመብራት እኩል የሚጠየቀው ኢንተርኔት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጅ እናቱን ፊት ለፊት እያየ ማውራት ይፈልጋል፣ የወር ወጪ በቴሌብር ይላካል፣ ተማሪው ትምህርቱን በስልክ ያወርዳል። የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ለገጠር የሩቅ ነገር ነበር። አሁን ወደ ብዙ ገጠሮች ደርሷል፤ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ አማራጭ ሆኗል። ቦታ ስናይ የሁለቱንም ሲም ይዤ እዞራለሁ። ጧትና ማታ እለካለሁ፤ ማታ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ፍጥነቱ የተለየ ነውና። አንድ ኮረብታ ማማውን ከጋረደ 30 እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ለውጥ ያመጣል። የቆርቆሮ ጣራ ሞገድን ይመልሳል፤ ዝናብ የጠጣ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ያዳክመዋል። ስለዚህ ራውተሩ ከማማው አቅጣጫ ባለው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ይህ ካልበቃ አንቴና ከጣራው በላይ ይወጣል፤ ከአንቴናው ወደ ራውተሩ የሚወርደው ኬብል አጭር ይሁን፣ በረዘመ ቁጥር የተገኘውን ሞገድ ይበላዋልና። ፋይበር ዛሬ በእነዚህ መንደሮች የለም። ቢሆንም ከአጥሩ እስከ ሳሎኑ አንድ ባዶ ቱቦ ውስጡ መሳቢያ ሽቦ ተደርጎ እቀብራለሁ፤ ፋይበር በጠባቡ ሲታጠፍ ይሰበራልና ቱቦው ሰፋ ባለ ቅስት ይታጠፋል። የዚህ ዋጋ የተለሰነ ግድግዳ ኋላ ከማፍረስ ጋር አይወዳደርም።

መስመሩ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ፀሐይ ይሸፍነዋል። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ኤሌክትሪክን እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ለሁሉም ለማድረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ መንገዶች ነበር። ቀኑ አልፎ ብዙ ቤት አሁንም ይጠብቃል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደንበኞቼ «አሁንስ መንደራችን መብራት ያገኛል» ብለው ደወሉልኝ። ደስታው የእኔም ነው። ነገር ግን ማመንጨትና ማድረስ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት የተከፈለውም በዚሁ መስመር ነው። ከግድቡ እስከ እማማ ጎጆ ድረስ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ሽቦ አለ። እስከዚያው 12 ቮልት የሚሠራ ራውተር በቀጥታ ከሶላር ባትሪ ሊነዳ ይችላል። 12 ዋት የሚበላ ራውተር በቀን 288 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ ሁለት ቀን ያቆየዋል። በክረምት ደመናው ስለሚበዛ ፓነሉ ከበጋው ፍላጎት እጥፍ ቢሆን አይበዛም። የሶላሩ ሽቦ ከዋናው ተለይቶ በራሱ ቱቦ ከተዘረጋ፣ ዋናው መስመር የመጣ ቀን አንዱም ሌላውን አያፈርስም።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ለብቻው ከሚሠራው ጎረቤት ተባብሮ ቢሠራው ይረክሳል፣ ይጸናልም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የተሰባሰቡ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያወጡት መንግሥት እስኪደርስ ሳይጠብቁ ነው። መንገዱ የመጣው ለአንድ ባለሀብት ደጃፍ አልነበረም። ለእናቱ ብቻውን ምሰሶ የሚያስተክል ልጅ ሲመጣ ይህን አስታውሰዋለሁ። «ጋሼ፣ ጎረቤትዎን ይጠይቁ፤ አብራችሁ አመልክቱ» እለዋለሁ። አምስት ቤት በአንድ ላይ ካመለከተ ከአነስተኛ ትራንስፎርመር ይልቅ ለመንደሩ የሚበቃ ለመጠየቅ ምክንያት ይኖራል። መስመሩ በማን አጥር ይለፍ የሚለው ክርክርም ይቀራል፤ ሁሉም ይፈልገዋልና። ሌባ ሽቦ ሊቆርጥ ቢመጣም ጠባቂው መንደሩ ነው። በአንጻሩ አንድ ቤት ብቻ በርቶ ዙሪያው ሲጨልም ጎረቤት ከዚያ ቤት በደካማ ሽቦ ጎትቶ ይቀጥላል፣ ብሬከሩም ሽቦውም አብረው ይቃጠላሉ።

ለወላጁ ቤት የሚሠራ ሰው ልቡ ቅን ነው። ያ ቅንነት እስከ ጎረቤት አጥር ይሻገር። መሐንዲሱ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቦታው ላይ በአንድ ቀን ይገናኙ፤ ከሽማግሌዎቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ችካል ይምቱ፤ ማመልከቻው በበጋ ይግባ። ሽቦው ሲመረጥ ለዛሬው አምፖል ብቻ አይመረጥ፤ ነገ ለሚመጣው ምጣድ፣ ፓምፕና ለጎረቤት ልጅ መማሪያ ጭምር ይታሰብ። ቤቱ የወላጆቻችሁ ነው፤ መስመሩ ግን የመንደሩ ይሁን።