ከብዕሩ ጥላ የተቀዳ ቀለም

ይህን የምጽፍበት ብዕር ጥቁርና አረንጓዴ ነው። ክዳኑ፣ አንገቱና የጅራቱ ማዞሪያ ጥቁር፤ ወገቡ ግን ከላይ እስከ ታች በወረዱ ቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች የተሸፈነ። ከሩቅ ለሚያየው አንድ ወጥ አረንጓዴ ይመስላል። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ሳዞረው ግን በመስመሮቹ መሃል ብርሃን ያልፋል፤ ውስጡ ያለው ቀለም ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል። ስንት ገጽ እንደቀረኝ የማውቀው በዚያ ነው። የጀርመኑ ብዕር ሠሪ ፔሊካን «400» ብሎ የሰየመውን ባለ መስመር ብዕር ያወጣው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የእኔው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። መስመሩ ጌጥም መስኮትም ነው። ሠሪዎቹ ለቀለሙ ማሳያ የተለየ ቀዳዳ ከማበጀት ይልቅ ልብሱን ራሱን አሳሱት።

ሰዎች እጄ ላይ ሲያዩት «የብዕርህ ቀለም ምንድን ነው?» ይሉኛል። ሁልጊዜ መልሼ እጠይቃለሁ፦ የውጩ ወይስ የውስጡ? በእኛ ቋንቋ ቀለም ብዙ ተሸክሟል። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀለም ነው፤ የጨርቁ ቅላትም የቅጠሉ ልምላሜም ቀለም ነው፤ ፊደል የለየ ሰው ቀለም ቆጠረ ይባላል። አንዱ ቃል ለብዕሩ ገላም ለሚያፈሰው ፈሳሽም ስለሚያገለግል፣ ለጥያቄው አንድ መልስ ብቻ መስጠት ብችል ደስ ይለኛል። ለዓመታት ስደክምለት የኖርኩት ነገርም ይኸው ነው፤ የውጩና የውስጡ አንድ መልስ እንዲኖራቸው።

ቀላል ይመስላል። አረንጓዴ ብዕር ካለህ አረንጓዴ ቀለም ግዛ፣ አለቀ። ገዝቶ የሞከረ ሰው ግን እንዳላለቀ ያውቃል። ችግሩ ውፍረት ላይ ነው። የብዕር ቀለም በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ እንደ ግድግዳ ቀለም አይሸፍንም፣ እንደ ሻይ ብርሃን ያሳልፋል። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር መስሎ የሚታየው ጥልቀቱ ብርሃኑን ስለሚውጠው ነው። ወረቀት ላይ ሲወርድ እጅግ የሳሳ ሽፋን ይሆናል፤ ብርሃን በእሱ ውስጥ አልፎ ነጩን ወረቀት ይነካና ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ዓይናችን የሚያየው ቀለሙንና ወረቀቱን በአንድነት ነው። ወረቀቱ ወደ ቢጫ ካዘነበለ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ጠጋ ይላል። የብዕሩ ገላ ግን ውፍረት አለው፣ ተወልውሏል፣ ያንጸባርቃል። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻይና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የፈሰሰ ሻይ ከአንድ ማንቆርቆሪያ የወጡ ናቸው፤ መልካቸው ግን አንድ አይደለም። ለገላውና ለቀለሙ ፍጹም አንድ ዓይነት ማቅለሚያ ቢሰጥ እንኳ ዓይን ሁለት ነገር ነው የሚያየው።

ፔሊካን በ2011 እ.ኤ.አ. ኤደልሽታይን የሚባሉትን ቀለሞች አወጣ። ቃሉ በጀርመንኛ የከበረ ድንጋይ ማለት ነው፤ እያንዳንዱም በድንጋይ ስም ይጠራል፦ ሰንፔር፣ ሩቢ፣ ቶፓዝ፣ ጄድ፣ አቬንቹሪን። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከባድና ጥርት ያለ ጠርሙስ ነው፤ ባዶውን እንኳ ለመጣል እጅ አይታዘዝም። ለአረንጓዴው ብዕሬ መጀመሪያ የመረጥኩት ጄድን ነበር። ብዕሩን ብርሃን ላይ ይዤ በመስመሮቹ ላይ የሚጫወተውን ብሩህ አረንጓዴ አየሁና ከሱ ጋር የሚሄደውን ፈለግሁ። ጄድ ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ ወደ ባሕር ውሃ የሚወስድ፣ ሰማያዊ የነካው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ገጹ ላይ ሲደርቅ ግን ይበልጥ ሳሳ፤ ጽሑፉ ከሌላ ሰው ብዕር የወጣ መሰለ። ጥፋቱ የምርጫዬ ነበር። የተከተልኩት ብርሃኑን ነው።

ቀጥሎ የሞከርኩት አቬንቹሪን ጠልቆ የገባ የቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር ማለት ይቻላል። ብዕሩን ሞልቼ ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፣ ብዕሩን ከጽሑፉ ጎን አጋደምኩት። ያኔ ነው የገባኝ። ጽሑፉ የመስመሮቹን ብሩህ ፊት ትቶ፣ መስመሮቹ ከጥቁሩ አንገት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ያለውን ጨለማ አረንጓዴ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ብዕር ቀለም ስመርጥ የገላውን ጥላ ነው የምፈልገው፤ መስመር ወይም ዥጉርጉር ከሆነ ጥቁሩን ሥር፣ ወጥ ከሆነ ደግሞ ጣት የሚያርፍበትን፣ ብርሃን የራቀውን ጎን። ቀለም ሲደርቅና ሲሳሳ በራሱ ጊዜ ይፈካል። ከብሩህ የተነሳ ወደ ፍዝ ይወርዳል፤ ከጥላ የተነሳ ግን ልክ ገላው ላይ ይደርሳል።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥሩ የብዕር ቀለም በአንድ ፊደል ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀመጥም። እጅ በፍጥነት ባለፈበት ይሳሳል፤ ጭረቱ በሚያበቃበት፣ ብዕሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ጠብ ብሎ ይጠራቀምና ይጠቁራል። የ«ለ» እግር ከላይ ፈካ፣ ከታች ጥልቅ ያለ ይሆናል። አቬንቹሪን በሰፊ ጫፍ ሲጻፍ ይህን ያደርጋል፤ በአንዲት ፊደል ውስጥ ሁለቱም አረንጓዴዎች፣ የብዕሩ ብርሃንና የብዕሩ ጥላ፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጄድ የሰጠኝ አንዱን ብቻ ነበር።

ሰፊ ጫፍ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነጠላ ለብሶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ጥለቱ አንድ ጣት የማይሞላ ከሆነ ጥቁር አረንጓዴውም ጥቁር ሰማያዊውም ከሩቅ ጥቁር ናቸው፤ አንድ እጅ ሲሰፋ ግን ቀለሙ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ገጽም ነጭ ሸማ ነው። በቀጭን ጫፍ የምትጽፍ ከሆነ ከምርጫህ አንድ ደረጃ ፈካ ያለውን ውሰድ፤ አለዚያ የደከምክለት ስምምነት ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። የጥላው ደንብ የሚላላው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ለማጋባት ሲነሱ ምን እንዳደረጉ ማየት ያስተምራል። ፔሊካን ከብዕር በፊት ቀለም ሠሪ ነበር። ሃኖቨር ውስጥ ካርል ሆርኔማን ያቋቋመው የቀለም ፋብሪካ ልደቱን ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጥራል፤ በፒስተን የሚሞላውን የመጀመሪያ ብዕሩን ያወጣው ግን በ1929 ነው። ከብዕሩ በፊት ዘጠና ዓመት ገደማ ፈሳሹን ሲያበስል የኖረ ቤት ነው፤ ገላውን ሲሠራ ከፈሳሹ አንጻር ማሰቡ አይገርምም። ኤደልሽታይንን ካወጣ በኋላ በየዓመቱ አንድ የዓመቱ ቀለም መሰየም ጀመረ፤ በ2015 ተራው የአሜቴስጢኖስ ሆነ። ከቀለሙ ጋር ኤም 205 የተባለውን ትንሽ ብዕር ብርሃን በሚያሳልፍ ወይን ጠጅ አወጣው።

ይህን ብዕር እጄ ላይ ያገላበጥኩበትን ጊዜ አልረሳውም። ባዶ ሳለ ገላው የወይን ጭማቂ የቀረበት ብርጭቆ ይመስላል። የፒስተኑ ዘንግ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል፤ ጥርሶቹ ይቆጠራሉ። ቀለሙ ሲገባ ወይን ጠጁ በወይን ጠጅ ላይ ተደርቦ ሊጠቁር ምንም አይቀረውም። ገጹ ላይ የሚወርደው ደግሞ ጠለቅ ያለ፣ ጩኸት የሌለበት ወይን ጠጅ ነው፤ ባዶውን ብዕር አይመስልም፤ የሞላውን ነው የሚመስለው። ቀለሙን ያሰናዳው ሰው ያነጻጸረው ከሞላ ብዕር ጋር ይመስለኛል፤ ትክክልም ነው፤ ብዕር የሚጻፍበት ሞልቶ ነውና።

ከዓመቱ ቀለም ጋር በወጡት ብዕሮች ላይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ስውር ነገር አለ፤ ብረቱ። የኪስ መያዣውና ቀለበቶቹ በአሜቴስጢኖስ፣ በ2016ቱ አኳማሪን፣ በ2018ቱ ኦሊቪን ላይ ብርማ ናቸው። በ2017 ጭስማ ኳርትዝ ሲመጣ ግን፣ ገላውም ቀለሙም ቡናማ ሲሆን፣ ብረቱ ወርቅማ ሆነ፤ ቢጫው ወርቃማ ቤሪል በ2021 ሲወጣም እንዲሁ። የሚሞቅ ቀለም ወርቅ፣ የሚቀዘቅዝ ቀለም ብር ይወዳል። የኪስ መያዣው በጽሑፍ ጊዜ ገጹ አጠገብ ስለማይወርድ ማን ያየዋል ይባል ይሆናል። ዓይን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ቡናማ ጽሑፍ ላይ የተጋደመ ባለ ብር ብዕር ምኑ እንደሆነ ሳይታወቅ ይጎረብጣል።

የሃይደልበርጉ ብዕር ሠሪ የላሚ መንገድ ሌላ ነው። ሳፋሪ የሚባለው ብዕሩ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ አለ፤ ገላው ብርሃን የማያሳልፍ ፕላስቲክ ስለሆነ ውስጡ ምንም ይሁን ምን የውጩ አይለወጥም። በ2016 ጥቁር ወይን ጠጅ የሆነ ሳፋሪ ከራሱ ቀለም ጋር ወጣ። ገላው የማያብለጨልጭ፣ እንደ ሸካራ ቆዳ ያለ፤ የኪስ መያዣውና ጫፉ ጥቁር። ቀለሙ ደግሞ በብዛት በተኛበት ሲደርቅ ላዩ ላይ ወርቅማ አረንጓዴ ነጸብራቅ ያወጣል። ገላው ለሌለው ብልጭታ ቀለሙ ካሰ። ሁለቱ አንድ አይመስሉም፤ ግን ይሟላሉ፤ እኔ ይህንም ስምምነት እለዋለሁ።

ገላው ቢጫ ለሆነ ብዕር ቢጫ ቀለም አልመክርም፤ ነጭ ላይ ቢጫ አይነበብም፣ የማይነበብ ጽሑፍ ደግሞ ለማንም አይበጅም። እዚህም ጥላውን ፈልጉ፤ የቢጫ ጥላ ቡናማ ነው። ግራጫ መስመር ላለው ብዕር፣ በቀድሞው የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጉስታቭ ሽትሬዘማን ባለ መስመር ሱሪ ለሚጠራው፣ ወጥ ጥቁር ይከብደዋል። የጃፓኑ ፓይለት ኢሮሺዙኩ ከሚላቸው ቀለሞች አንዱ፣ ጭጋጋማው ዝናብ ኪሪ ሳሜ፣ ለሱ ይሄዳል፤ ስፋት ያለው ጫፍ ካለው።

አንድ ነገር በጉዳት ተምሬአለሁ። ስሟን የማላነሣት፣ እንደ ውሃ የጠራች ብዕር ነበረችኝ። በጣም የተጫነ ቀይ ቀለም ሞልቼ ለወራት ተውኳት። ሳጥባት ቀለሙ ወጣ፤ ገላዋ ግን ሮዝማ ሆኖ ቀረ። ደጋግሜ በለብታ ውሃ ዘፈዘፍኳት፣ አልለቀቀም። አሁን ከዚያው ቀይ በስተቀር ሌላ አትቀበልም፤ ሰማያዊ ስሞላት ወይን ጠጅ ትመስላለች። ብርሃን የሚያሳልፍ ብዕር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው ቀለም ምናልባት የመጨረሻውም እንደሆነ አስቦ ይሙላ፤ ቶሎ ቶሎም ይጠብ።

ይህች ብዕር ሁልጊዜ የቁም ጸሐፊዎቻችንን ታስታውሰኛለች። ብዕር የሚለው ቃላችን ከግዕዙ ብርዕ ነው፤ ሸምበቆ። ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ፣ ጫፉን ሰንጥቆ፣ በቀንድ ከተሰናዳ ቀለም እየጠቀሰ ብራና ላይ ይጽፋል። ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስሞችና ለመክፈቻ መስመሮች፤ ለየቀለሙም የራሱ መቃ። ሁለቱ መቃዎች ሲቀረጹ አንድ ዓይነት ገለባማ ናቸው። ሥራው ሲጀመር አንዱ ከጫፉ ወደ ላይ ይጠቁራል፣ ሌላው ይቀላል፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሽታም ምልክትም አያስፈልግም። ማንም አላጋባቸውም። ቀለሙ በገዛ እጁ ብዕሩን አለበሰው።

አሁን የአረንጓዴው ብዕሬ ቀለም ከግማሽ በታች ወርዷል። ጫፉን ወደ ታች አድርጌ መስኮቱ ላይ ሳቆመው፣ ባዶው የላይኛው ግማሽ ለምለም ቅጠል ነው፤ ቀለም ያለበት የታችኛው ግማሽ ደግሞ የማታ ዛፍ። ወረቀቱን አጠገቡ አስጠጋሁት። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ደርቀዋል፣ የመጨረሻው ገና እርጥብ ነው፤ የደረቁት የታችኛውን ይመስላሉ።