ከሌባ ጣት እስከ መሀል ጣት

በየካቲት መጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ አፈሩን ማራስ እንደ ጀመረ፣ ከክራር ተጫዋች ጓደኛዬ ጋር ከውጫሌ ወደ ይስማ ንጉሥ በእግር ተነሣን። ብዙም ሳንርቅ ተቀመጥን። ሌሊት ካፊያ ስለ ነበር የማሲንቆዬ ቆዳ ላልቷል፤ ስገዘግዘው ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ያጉረመርማል። እሳት የሚያሞቁት አሉ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ተተርትሮብኝ ስለማውቅ ፀሐይ ላይ አስደግፌ መጠበቅን እመርጣለሁ። ከታች ገበሬው በሬውን ጠምዷል፣ ከላይ የአምባሰል ገደል ጉም ለብሷል፤ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረንም።

ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ፣ “እስቲ ይኼን ስማ” አለኝ። ኮቶ በሚባለው ባለ ክር መሣሪያቸው የተመታ የጃፓኖች የጸደይ ዘፈን ነው፤ ‹ሳኩራ› ይባላል፣ የቼሪ አበባ ማለት ነው። ዜማው ገና ሳይዞር፣ “አምባሰል ነው እኮ!” አልኩ። እነሱ ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ስልትና የእኛ የአምባሰል ቅኝት የአምስቱ ድምፆች ርቀት አንድ ነው። እኛ ጉም እያየን፣ እነሱ አበባ እያዩ እዚያው ደርሰናል።

ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው። ባዶው ክር አንድ ድምፅ፣ አራቱ ጣቶች አራት፤ አምስት ሞላ። በአምባሰል ሌባ ጣት ከባዶው ክር የሚርቀው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከሌባ ጣት እስከ መሀል ጣት ግን ሁለት ሙሉ ድምፅ ነው፤ ጣት ሊቀደድ እስኪደርስ ይለጠጣል። ተጫዋች የሚፈተነው እዚህች ክፍተት ላይ ነው። የቸኮለ ያሳጥራታል፤ ብልጡ ደግሞ ጣቱን አንሸራትቶ ስሕተቱን ጌጥ ያስመስለዋል። እኔ ለዓመታት ብልጥ ነበርኩ። ሰርግ ቤት ማን ልብ ይላል? የማሪቱ ለገሠን አምባሰል አድምጡ፤ እዚያች ቦታ ላይ አትቸኩልም።

“የኔ ክራር ይኼን ማታለያ አያውቅም” አለ ጓደኛዬ። እውነቱን ነው፤ ክራር አስቀድሞ ይቃኛል፣ የማሲንቆ ቅኝት ያለው ጣት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ የሌባ ጣትንና የመሀል ጣትን ሁለት ድምፆች ብቻ በአፌ አስባለኝ። አንዱን ይዤ ጥቂት እራመዳለሁ፣ ቆሜ ሁለተኛውን እላለሁ። እርምጃዬ ሲፈጥን ሁልጊዜ እዘቅጣለሁ፤ ስንዘገይ ትገኛለች።

ይስማ ንጉሥ ደረስን። ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚህ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ እንዲሁ በበልግ ነው። አንቀጽ 17 ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር በአማርኛው “ይቻላቸዋል” ይላል፤ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው፤ ጦሱም እስከ ዐድዋ ዘለቀ። “ጣት ስተው ነው” ብል ጓደኛዬ ሳቀብኝ፦ “የለም፣ አንሸራተው ነው።”

ስንመለስ ቆዳው ደርቆ ተወጥሯል። ከተማ ሳንገባ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱን ሳላንሸራትት አገኘኋት።